ስኳር ገዳዩ ጨው

ገብረሃንስ ጫማውን በቢላዋ ቀዶታል። ከጣቱ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሸርክቶ ከፍቶ፣ ያበጠ እግሩን እንደ ምንም ከትቶበታል። እሸቴ ይህን ያየው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብላ ባለችው ጎማ ቤቱ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ፣ የተነፋ የጎማ ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ እየነከረ የቱ ጋ አረፋ እንደሚተፋ ሲጠብቅ፣ ቀና ቢል ገብረሃንስ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ወጥቶ ወደ እሱ ይመጣል።

ከሱቁ እስከ ጎማ ቤቱ ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የረባች ፍየል በሦስት ዝላይ ትጨርሰዋለች። ገብረሃንስ ሦስት ጊዜ ቆመ። መጀመሪያ የስልክ እንጨቱን ተደግፎ፤ ቀጥሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መንገዱ መሃል፣ የሚደገፈው ነገር ሲያጣ፣ ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን የሚያይ መስሎ አንጋጠጠ። አውሮፕላን አልነበረም። ሰማዩ ባዶ ነበር።

እሸቴ ካላማዳሪያውን እንደያዘ ተጣራ።

«ምነው ገብሬ? አካሄድህ የሙሽራ አጃቢ መሰለ እኮ!»

ገብረሃንስ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ መቀመጥ ነበረበት። አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ። ደረቱ ውስጥ ክዳኑ ያልገጠመ ጀበና የሚመስል ድምፅ ይንተከተካል።

«ደህና ነኝ» አለ። «እግሬ ትንሽ ወፈረ።»

«ሰው በእግሩ ይወፍራል?»

«እኔ በእግሬ ጀመርኩ።»

ሌላ ሰው ቢለው ቀልድ ነበር። ገብረሃንስ ግን ቀልድ አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከአርባ ስምንት ዓመቱ ውስጥ ሃያውን ቦሌ ሚካኤል ኖሮ፣ ሲስቅ ያየው አንድም የለም። ነገር የሚገባው እንደተነገረው ነው። «ትናንት የዘነበው የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ ነው» ብትለው፣ «የሀበሻ ዶሮ ነው የፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ቀበሌው የኅብረት ሱቁን ቁልፍ የሰጠውም ለዚህ ነው። የራሽን ስኳር ሲመዝን አንዲት ፍሬ አትጨምርም፣ አንዲት ፍሬ አትቀንስም።

እሸቴ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለቱንም ጊዜ ያልጨረሰ፣ ወሬ ላይ ግን ሊቀ ሊቃውንት። አንድ ክረምት ካላማዳሪያ ነፍቶ፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ በጎርፍ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ እንደተጓዘና ዘበኞቹ ፓስፖርት እንደጠየቁት ሲያወራ፣ ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ ዝናብ በጣለ ቁጥር ድገምልን ይለዋል። ከገብረሃንስ ጋር እንዴት እንደተዋደዱ እንጃ። ምናልባት አንዱ አፍ ብቻ፣ አንዱ ጆሮ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

«ሐኪም ቤት ተመለስክ?» አለው እሸቴ።

«ለምን? መድኃኒቴን እየወሰድኩ አይደል?» ገብረሃንስ ከኮት ኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ይልቅ ውኃ ስጠኝ። ለብ ያለ ቢሆን ይሻላል።»

እሸቴ በጣሳ ሰጠው። ገብረሃንስ ጋዜጣውን ፈታ፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው። ከደረት ኪሱ የሾርባ ማንኪያ መዘዘ፣ ሞልቶ ዘገነ፣ በጣሳው አማሰለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ረሳኸው እንዴ? ያንተ ነዋ። ጨዉ።»

ካላማዳሪያው ከእሸቴ እጅ አምልጦ ውኃው ውስጥ ወደቀ።

አልረሳውም። ነገሩ የካቲት ላይ ነው። ገብረሃንስ ከሐኪም ቤት ሲመለስ እዚችው ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ «ስኳርም ደም ብዛትም አንድ ላይ አለብህ አሉኝ» አለ፤ ፊቱ አመድ ለብሶ። እሸቴ ወዳጁን እንደዚያ ተክዞ ማየት አልቻለም። ሊያስቀው ፈለገ፤ እውነቱ ይህ ነው። እናም ጀመረ፦

«ስኳር እኮ ምንም አይደለም! ኦጋዴን ሹፌር ሆኜ ስዘምት አንድ ኮሎኔል ነበረን። ስኳሩ ከመክፋቱ የተነሣ፣ ሌሊት ጫማውን ሲያወልቅ ጉንዳን ተሸክሞት ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ወታደር ጫማ ፍለጋ ይሰማራል። ታንኩ ውስጥ ንብ ሰፍሮ፣ መድፍ ሲተኮስ ማር ይረጭ ነበር። ኋላ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጣና፣ ‘ስኳርን የሚገድለው ጨው ነው’ አለው። በባዶ ሆድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በለብ ያለ ውኃ። በሳምንቱ ስኳሩ መሣሪያውን ጥሎ እጁን ሰጠ!»

ገብረሃንስ አልሳቀም። ረጅም ጊዜ አሰበና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«በሻይ ማንኪያ ነው በሾርባ ማንኪያ?»

እሸቴ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ፣ «በሾርባ ማንኪያ» አለው። ከዚያ ለሦስት ቀን ላገኘው ሰው ሁሉ ያቺን ጥያቄ እያወራ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሰነበተ።

ያላሰበው ነገር ገብረሃንስ የጨው ልጅ መሆኑን ነው። አባቱ አሞሌ ከአፋር በረሃ በግመል ጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ሲያወጣ ኖሮ፣ በዚያው መንገድ ላይ የሞተ ሰው ነው። ገብረሃንስ በልጅነቱ የግመል ቁስል በጨው ሲታጠብ አይቷል፤ ሥጋ በጨው ሳይበላሽ ሲከርም አይቷል፤ እንግዳ ቤት ሲመጣ እናቱ አሞሌ ሰብራ ስታስልስ አይቷል። ለእሱ ጨው የበረታ ነገር ነው። ስኳር ደግሞ ትናንት በጆንያ የመጣ። ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ለሱ የሚያጠያይቅ አልነበረም።

«የሐኪም ቤቱ ክኒንስ?» አለ እሸቴ።

«ተውኩት። ከጨዉ ጋር እንዳይጣላ።»

«የቱን? የስኳሩን?»

«ሁለቱንም። የደም ብዛቱንም።»

ይህን ሲባባሉ የገብረሃንስ ሚስት ሃረገወይን ልትወስደው መጣች። ሱቁ ደጃፍ ሰልፉ ረዝሟል። «እግዚአብሔር ይስጥልን እሸቴ» አለች። «ያንተ ጨው ስኳሩን እያስወጣው ነው ይላል። ይኸው ላብ ያጠምቀዋል። ብቻ ተኝቶ መተንፈስ አቃተው። ሦስት ትራስ ደርቤለት ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ይህም ስኳሩ ሲወጣ የሚያደርገው ነው አይደል?»

እሸቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።  

ጎማ ቤቱን እንኳ ሳይዘጋ ሃያ ሁለት ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደ። ከግማሽ መንገድ በላይ ሮጧል። ነርስ ፀሐይነሽ ካርድ ይዘው ከሚጠብቁ በሽተኞች መሃል ሰብሮ ሲገባ አይታ፣ «ምን ሆነው ነው አባቴ? ማን ሞተ?» አለችው።

«ገና ነው» አለ እሸቴ። «ለአንድ ዘመዴ ልጠይቅሽ ነው ሲስተር። ስኳርና ደም ብዛት አንድ ላይ ያለበት ሰው፣ እግሩ ቢያብጥ...»

ፀሐይነሽ ቀና አለች። «እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጎሚስታ ነኝ።»

«እንግዲያው ይገባዎታል። ልብ ማለት ፖምፓ ናት። ደም ብዛት ሲኖር ፖምፓዋ የምትገፋው በጠበበ ቧንቧ ነው፤ በየደቂቃው፣ ያለ እረፍት። መጀመሪያ እንደ ተሸካሚ ክንድ ትፈረጥማለች። ኋላ ትደክምና ትለጠጣለች። ስኳሩ ደግሞ ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የልብንም ሥጋ ያዳክማል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል።»

«ደረቱን ግን አያመውም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው! ስኳር ሲቆይ ሕመም የሚያሰማንን ነርቭ ያደነዝዛል። ሌላው ሰው ልቡ ሲመታ ደረቱን ይዞ ይጮኻል። የስኳር በሽተኛ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ያጥወለውለዋል፣ አለቀ። ሌባ ገብቶ ውሻው ያልጮኸበት ቤት ማለት ነው።»

«እግሩስ?»

«ልብ ሲደክም ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል። እግር ላይ ይወርዳል፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል?»

«በሦስት ትራስ ነው የሚያድረው።»

ፀሐይነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጨው ይበላል?»

«ይጠጣል።»

«ምን ማለት ነው ይጠጣል?»

«በሾርባ ማንኪያ። በቀን ሦስት ጊዜ። ስኳሩን እንዲገድልለት።»

«ማነው ይህን ያዘዘለት ከይሲ?»

እሸቴ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ተመለከተ። «አንድ ወሬኛ ነው» አለ።

«ጨው ውኃን ይዞ የሚያስቀር ነገር ነው። ያ ሰው በደረቅ መሬት እየሰመጠ ነው፤ ይስሙኝ። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል አድርሱት። ስትወስዱትም እንዳታስተኙት፤ ተቀምጦ ነው የሚሄደው።» በቁራጭ ወረቀት የሆስፒታል መላኪያ ጽፋ ሰጠችው። «ማኅተም የለውም። ማኅተም ያዡ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ነው የሚወጣው፤ ሄዷል። በድንገተኛ ክፍል ግን ይቀበሉታል።»

ሲመለስ ገብረሃንስ ሚዛኑ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ድሮ ቆሞ ነበር የሚሸጠው። እሸቴ ሰልፉን ጥሶ ገባና በሁለት እጁ ባንኮኒውን ያዘ።

«ገብሬ ስማኝ። ጨዉ ውሸት ነው። ኮሎኔል የለም፤ የአፋር ሽማግሌ የለም። ከአፌ ነው የፈጠርኩት። ልብህ ተጎድቷል አለች ነርሷ፤ ተነሥ ሆስፒታል እንሂድ!»

ገብረሃንስ አየው። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ፣ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቀ! በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብረሃንስ ሳቀ።

«ገባኝ!» አለ በጣቱ ወደ እሸቴ እየጠቆመ። «ዛሬ ገባኝ ያንተ ቀልድ! ሰው ሁሉ ‘እሸቴ ይቀልዳል’ ይለኝ ነበር። ሃረገ፣ ሰማሽ? አሁን ደግሞ መዳኔን አይቶ ሊያስደነግጠኝ ነው!» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አልቆም አለ። ሃረገወይን እየሳቀች ጀርባውን ትመታለች፤ ሰልፈኛውም ይስቃል። እሸቴ ብቻ ነው ያልሳቀው።

«በሚካኤል ይዤሃለሁ!»

«ባለፈው ዓመትም በሚካኤል ምለህ ነው ያን የአክስትህን ልጅ ካኪ አልብሰህ ተቆጣጣሪ ነው ያልከኝ። ጨዉን በፍሬ ስቆጥር ዋልኩ።»

«ይኸው ወረቀት! ነርሷ ናት የጻፈችው!»

ገብረሃንስ ዓይኑን ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ፊትና ኋላውን አየ፣ መለሰለት። «ማኅተም የለውም» አለ። «ደግሞ ልቤ ቢታመም አያመኝም ነበር? ምንም አያመኝም። ነገ ስብሰባ አለ፣ ሪፖርት አቀርባለሁ። ሰኞ ማክሰኞ የስኳር ራሽን ነው። ከዚያ ወዲያ ስቀህ ስቀህ ከደከመህ እናያለን።»

ያን ሌሊት እሸቴ ዓይኑን አልከደነም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ውሸት ግን እያደር ከበደ፤ ሦስት ወር ሙሉ በሾርባ ማንኪያ ሲጨመርበት ከርሟል። ሃረገወይንን ለብቻዋ ቢለምናትስ? ስትስቅ አይቷታል። በጉልበት ተሸክሞት ቢሄድስ? ሰው «እሸቴ ደግሞ ምን ጀመረ» ብሎ ከቦ ያጨበጭባል። ማን ቢነግረው ያምናል ገብረሃንስ? ወረቀት። ማኅተም ያለው ወረቀት ብቻ። እሑድ ማኅተም የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ነው፤ የቀበሌው አዳራሽ።

የቀበሌው ስብሰባ ከቅዳሴ በኋላ ተጀመረ። ሊቀመንበሩ ጓድ መኩሪያ ጠረጴዛው መሃል፣ ጸሐፊዋ በቀኙ፣ ገብረሃንስ ሪፖርቱን ይዞ በግራው። የጥበቃው ኤርሳዶ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ። ገብረሃንስ ሪፖርቱን ተቀምጬ ላቅርብ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። በአንድ ትንፋሽ አራት ቃል ብቻ ነበር የሚደርሰው። እሸቴ ቆጠረ። ቅዳሜ ስድስት ቃል ይደርስ ነበር።

«ወደ ሂስና ግለ ሂስ እናልፋለን» አለ መኩሪያ። እንደ ልማዱ አንዱ ዘግይቶ መምጣቱን ተናዘዘ፣ ሌላዋ ከጽዳት ዘመቻ መቅረቷን። እሸቴ እጁን ሲያወጣ አዳራሹ ቀድሞ ፈገግ አለ።

«እኔ ግለ ሂስ አለኝ። ሰው እየገደልኩ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ሴትዮ «ኧረ በምን? በወሬ ነው?» ብላ ጮኸች።

«አዎ፣ በወሬ።»

ሳቁ ባሰ። ገብረሃንስም ፈገግ አለ፤ ከትናንት ወዲህ ቀልድ ለምዷል። መኩሪያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ጓድ እሸቴ! ይህ ጠላ ቤት አይደለም!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የምናገረው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ። እፈርምበታለሁ። ማኅተም ይደረግበት።»

ሳቁ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ እየበረደ ወደ ኋላ ሄደ። በዚያ ዘመን ሰው በቃለ ጉባኤ አይቀልድም። ጎረቤት ቀበሌ ውስጥ አንዱ «ዘይት ሊጠፋ ነው» ብሎ በማውራቱ ወሬ ነዥ ተብሎ ተወስዶ፣ ቤተሰቡ ስንቅ ሲያመላልስ ክረምቱ አልፏል። እሱ ያወራው በአፉ ነው። ይኼኛው ፈርሞ ልስጥ ይላል።

«ምን ልትል ነው?» አለ መኩሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አስበህበታል?»

 እሸቴ ቆመ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጸሐፊዋ እንድትደርስበት ቀስ እያለ ተናገረ፦ «እኔ እሸቴ ወልደሰንበት፣ ጨው የስኳር በሽታን ይገድላል ብዬ የሐሰት ወሬ አውርቻለሁ። ይህን ያለኝ ሰው የለም። በወሬዬ ምክንያት የኅብረት ሱቃችን ሠራተኛ ገብረሃንስ የሐኪም መድኃኒቱን ትቶ ሦስት ወር ጨው ጠጥቷል። ልቡ እየደከመ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ካልገባ ይሞታል። ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሄደና ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወርዶ የሌላ ሰው ስም ላይ ወጣ። መኩሪያ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ አየር ላይ ያዘው። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ፤ ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም።»

ማኅተሙ አረፈ። ድምፁ በአዳራሹ ተሰማ።

ገብረሃንስ እጁን ዘርግቶ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበው። ጣቱን ከቃል ቃል እየጎተተ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። 

«በሾርባ ማንኪያ ያልከኝስ?» አለ በመጨረሻ።

«እሱም ውሸት ነው ገብሬ።»

«ጠይቄህ ነበር እኮ።»

«ጠይቀኸኛል።»

ገብረሃንስ ሊነሣ ጠረጴዛውን ያዘ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከንፈሩ እንደ ካርቦን ወረቀት ጠቆረ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ጀመር። ሃረገወይን እየጮኸች ከሴቶቹ መሃል ወጣች። «ምንህን ነው? ምንህን ነው የሚያምህ?»

«አያመኝም» አለ ገብረሃንስ በዓይኑ ሰው እየፈለገ። «አየር ነው ያጣሁት።» ሲያስል ከንፈሩ ላይ አረፋ ታየ።

ሰው ግር ብሎ ወደ እሱ ወጣ። «አስተኙት! ጋቢ አንጥፉ! ጠበል አምጡ!»

«አታስተኙት!» ብሎ አንባረቀ እሸቴ። «ከተኛ ይሰምጣል! አስቀምጡት! እግሩን ወደ ታች!»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እሸቴ ያለውን አደረገ፤ የሳቀ አልነበረም። አንድ ባለ ታክሲ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሮጠ። ገብረሃንስን እንደተቀመጠ ከነወንበሩ አወጡትና ታክሲው ውስጥ አስቀመጡት። እሸቴ ከኋላ ሆኖ በደረቱ ደግፎት፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የወዳጁ ጀርባ ሲንተከተክ በራሱ ደረት ተሰማው። በየመታጠፊያው «አለህ?» ይለዋል። ገብረሃንስ በክርኑ ነካ ያደርገዋል፤ አለሁ ለማለት። ኡራኤል ጋ ሲደርሱ ክርኑ አልመጣም። እሸቴ እንደ እብድ ሾፌሩን ትከሻውን ይደበድብ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ክርኑ መጣ።

ማክሰኞ በጠያቂ ሰዓት እሸቴ ሆስፒታል የገባው ኤርሳዶ ከኋላው ጠመንጃ ይዞ ነው። ኮሚቴው አሥራ አምስት ቀን ቀበሌ እንዲታሰር ወስኖበታል፤ ለዛሬ አንድ ሰዓት ያስፈቀደለት መኩሪያ ነው። ሃረገወይን አልጋው ግርጌ ቆማለች። እሸቴን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ገብረሃንስ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የእግሩ እብጠት ጎድሏል፤ ቆዳው እንደ ባዶ ከረጢት ተሸብሽቧል። ወጣቱ ዶክተር አጠገቡ ቆሞ ረጅም ቁራጭ ወረቀት ይዟል፤ ወረቀቱ ላይ የልብ ምት ተራራና ሸለቆ ሆኖ ተስሏል።

«ውኃው በመርፌ ወጥቷል» አለ ዶክተሩ። «ልቡ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ደግሞ እዚህ ጋ ይታያል፤ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተመትቷል። ሳይሰማው ነው ያለፈው። መቼ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።»

«ጆንያ ያራገፈ ቀን» አለች ሃረገወይን ወደ ግድግዳው። «ላብ አጠመቀው፣ አስመለሰው። የበላው ምግብ ነው ብለን ተውነው።»

«መቼ ነበር?» አለ ዶክተሩ።

«የካቲት ውስጥ ነው መሰለኝ። ወይም መጋቢት።»

እሸቴ ጠጋ አለ። ከጨዉ ወሬ በፊት ነው በኋላ?  ሊጠይቅ ፈለገ፤ መልሱን ፈራ። 

ገብረሃንስ መዳፉን ዘርግቷል። ሦስት ክኒኖች ተኝተውበታል፤ አንዱ የስኳር፣ አንዱ የደም ብዛት፣ አንዱ ውኃ የሚያወጣው። የሆስፒታሉ ነርስ «ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ይዞ ያያቸዋል» አለች። «እምቢም አይል፣ አይውጥም።»

ገብረሃንስ ዓይኑን ከክኒኑ ሳያነሣ ተናገረ። «እሸቴ። ልቤ ከታመመ ለምን አላመመኝም?»

እሸቴ የሰማውን ነገረው። ስኳር ሲቆይ የሚጮኸውን ነርቭ እንደሚያደነዝዘው፤ ደም ብዛት ልቡን ሲያደክም ማንም እንዳልቀሰቀሰው። አንድ ቃል አልጨመረበትም። ሲጨርስ ታሪኩ በጣም አጭር ሆነበት።

«ይህስ እውነት ነው?» አለ ገብረሃንስ።

እሸቴ መሐላ ፈለገ። በቀን ሃያ ጊዜ የሚምል ሰው ነበር፤ በሚካኤል፣ በእናቱ አጥንት፣ በዓይኑ ብሌን። አንዱም ለዚህ አልበቃ አለው።

«እኔን አትመን» አለ። «ዶክተሩን ጠይቀው። ከዚያ ነርሷን ለብቻዋ ጠይቃት። ሁለቱም አንድ ነገር ካሉህ ዋጠው።»

ገብረሃንስ ዶክተሩን ጠየቀ። ዶክተሩ መለሰ። ነርሷን አጠገቡ ጠርቶ በሹክሹክታ ጠየቃት። እሷም በሹክሹክታ መለሰች። ከዚያ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አፉ ውስጥ አደረገ፣ ውኃ ተጎነጨባቸው። እሸቴ የወዳጁ ማንቁርት ሦስት ጊዜ ሲወርድ ሲወጣ አየ። የራሱም አብሮ ዋጠ።

ኤርሳዶ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ እሸቴ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

እሸቴ ኮፍያውን አነሣ።

«ኤርሳዶ» አለ ገብረሃንስ፤ ትንፋሹን አጠራቅሞ። «ትንሽ ይቆይ።»

«ጓድ ሊቀመንበር አንድ ሰዓት ነው ያሉት።»

«ትንሽ ይቆይ አልኩ እኮ። እዚያ ይቀመጥ።» በአገጩ በርጩማውን አሳየ። «ዝም ብሎ ይቀመጥ እንጂ። ምንም እንዳያወራ።»

እሸቴ ተቀመጠ። ኤርሳዶም ጠመንጃውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ደፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ሃረገወይን ፊቷን አላዞረችም፤ ግን በርጩማው እንዲገባ እግሯን ሰብሰብ አደረገች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የገብረሃንስ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ይገባል፣ ይወጣል። እሸቴ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከትቶ፣ አንዱ ትንፋሽ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ የራሱን ይዞ ይጠብቅ ነበር።